ረጅም ሐሳብ በአጭር እንግሊዝኛ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ደረጃ በደረጃ

ውጭ አገር የሚኖር አንድ ሰው ለቤት አከራዩ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጧል እንበል። በልቡ ያለው ይህ ነው፦

«ባለፈው ወር ኮርኒሱ ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሮ ደውዬ ነግሬያችሁ ሠራተኛ ልካችሁ አይቶ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቶ አሁን ውሃው ወደ ልጆቼ መኝታ ክፍል ስለገባ ቶሎ እንድታሠሩልኝ እጠይቃለሁ።»

በአማርኛ ይህ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ትንሽ ቢረዝምም አንባቢው ሳይደናቀፍ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ቃሎቹ 25 ናቸው። እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጠው ግን 51 ቃል ሆነ፤ በመካከሉ «ኤንድ» የምትለዋ ቃል 7 ጊዜ ተመላለሰች። ጸሐፊው ምን እንደሚፈልግ የሚታወቀውም 43ኛው ቃል ላይ ሲደረስ ነው። በቀን ብዙ ደብዳቤ የሚያይ የቢሮ ሠራተኛ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ላያነብ ይችላል።

የሰዎችን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሳርም አብዝቶ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው። ጸሐፊዎቹ ብዙ ቃል ያውቃሉ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዋስውም አልጠፋባቸውም። ችግሩ አማርኛው ከነአወቃቀሩ እንግሊዝኛ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ «አጭር ጻፉ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ደግሞ አማርኛችን እንዴት እንደሚሠራ ቀርቦ ማየት ይጠይቃል።

እርምጃ 1፦ ቦዝ አንቀጾቹን ፈልጉ

ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንደገና እዩት። «ጀምሮ»፣ «ደውዬ»፣ «ነግሬያችሁ»፣ «ልካችሁ»፣ «አይቶ»፣ «ሄዶ»፣ «ቀርቶ»። በትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ ብለን የተማርናቸው እነዚህ ናቸው። አንዳቸውም ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አይዘጉም። እየተቀጣጠሉ ሄደው መጨረሻ ላይ «እጠይቃለሁ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ይቋጫቸዋል።

ይህ ሰንሰለት በአማርኛ የማይበጠሰው እያንዳንዱ ቦዝ ባለቤቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው። «ደውዬ» ውስጥ «እኔ» አለ፣ «ልካችሁ» ውስጥ «እናንተ»፣ «ሄዶ» ውስጥ «እሱ»። አድራጊው ሦስት ጊዜ ቢቀያየርም የቃሉ መጨረሻ ስለሚነግረን አንጠፋም። እንግሊዝኛ ግሥ ይህን አይችልም። «ኮልድ» የሚለው ግሥ እኔ ልደውል፣ አንተ ደውል፣ እነሱ ይደውሉ መልኩ ያው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ባለቤቱን በየጊዜው ለብቻው በቃል ይጠራል፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥርም «ሂ» ማን እንደነበር፣ «ኢት» ምን እንደነበር መከታተል ይከብዳል።

ሌላም ልዩነት አለ። አማርኛ አንባቢ ግሡን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ከልጅነቱ የለመደው ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ ማን ምን አደረገ የሚለውን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ይጠብቃል። ያንን ካላገኘ የቀረውን ሁሉ ተሸክሞ ይጓዛል።

እንግዲህ ረቂቃችሁን በአማርኛ ጻፉት፣ ወይም በልባችሁ በአማርኛ በሉት፤ ከዚያ ቦዞቹን አስምሩባቸው። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ሊቆረጥ የሚችለው ቦታ ከየቦዙ ቀጥሎ ነው። ሁሉም ቦታ ይቆረጣል ማለት አይደለም። አድራጊው ሲቀየር ግን ቁረጡ፤ ጊዜው ሲቀየርም እንዲሁ። አንድ ሰው ሁለት ነገር ተከታትሎ ካደረገ («ደውዬ ነግሬያችሁ») አንድ ላይ ይቆይ።

በስልክ ተርጓሚ የምትጠቀሙም ከሆነ ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ተርጓሚ መተግበሪያዎች ረጅም የቦዝ ሰንሰለት ሲሰጣቸው ማን ማንን እንደላከ ሊያቀያይሩ ይችላሉ። አማርኛውን መጀመሪያ በአራት ነጥብ ከፋፍላችሁ ብታስገቡ ውጤቱ እጅግ ይሻላል።

እርምጃ 2፦ የመጨረሻውን መጀመሪያ አድርጉ

በአማርኛ ደብዳቤ ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን፦ ምን ሆነ፣ ከዚያ ምን ተደረገ፣ በመጨረሻም «ስለዚህ እጠይቃለሁ»። ጥያቄን በምክንያት አጅቦ ማቅረብ ለእኛ የጨዋ ወግ ነው። በእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ግን ጥያቄው መጀመሪያ ቢመጣ ነውር የለውም፤ እንዲያውም አንባቢውን ማክበር ነው፣ ጊዜውን ትቆጥቡለታላችሁና።

ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ይኸው ይሠራል። «ስለታመምኩ አልመጣሁም» ስንል ምክንያቱ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ «አይ ዲድ ኖት ካም ቢኮዝ አይ ዎዝ ሲክ» ማለት ይቀላል። ምክንያቱ አንድ ወይም ሁለት ቃል ሲሆን ቅደም ተከተሉ ብዙም አይጎዳም። ምክንያቱ ሃያ ቃል ሲሆን ግን ዋናውን ነገር ካላስቀደማችሁ አንባቢው ለምን እንደሚያነብ ሳያውቅ ይሄዳል።

የአከራዩ ደብዳቤ በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ብቻ እንዲህ ይሆናል፦

«ዋተር ኢዝ ሊኪንግ ኢንቱ ማይ ችልድረንስ ቤድሩም። ፕሊስ ሴንድ ሳምዋን ቱ ፊክስ ኢት ዚስ ዊክ። ዘ ሲሊንግ ስታርትድ ቱ ድሪፕ ላስት መንዝ፣ ኤንድ አይ ኮልድ ዩር ኦፊስ። ዩ ሴንት አ ወርከር፣ ሁ ሉክድ አት ዘ ሲሊንግ በት ዲድ ኖት ካም ባክ።»

አራት ዓረፍተ ነገር፣ 7፣ 8፣ 12 እና 14 ቃል። በድምሩ 41። የጠፋ ነገር የለም። «ቶሎ» የሚለው ቃል «ዚስ ዊክ» መሆኑንም ልብ በሉ። «ሱን» ብትሉ ለእናንተ ነገ ይሆናል፣ ለአከራዩ የሚቀጥለው ወር። ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ መልስ ያገኛል።

እርምጃ 3፦ ቃል ቁጠሩ፣ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ቁጠሩ

«አልነገርኩህም» አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዩ» አምስት ቃል ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ «ይህማ አጭር ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት 12 ቃል ሲሻገር ከሃያ ሊያልፍ ይችላል። ርዝመትን በአማርኛ ዓይን መለካት ያታልላል።

የእንግሊዝ መንግሥት ለድረ ገጽ ጸሐፊዎቹ የሚሰጠው መመሪያ ከ25 ቃል በላይ የሆነን ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ መርምሩ ይላል። ጥሩ አጥር ነው። ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት፣ እንደ ማንቂያ ደወል ያዙት። 26 ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ኃጢአት የለበትም፤ ቆም ብላችሁ ግን «ይህ ሁለት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ርዝመትን ከግልጽነት ጋር በቁጥር ካያያዙት ሰዎች አንዱ ሩዶልፍ ፍሌሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ቪየና ተወልዶ፣ እዚያው ሕግ አጥንቶ፣ ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ «የእኔ ቋንቋ ስላልሆነ ግልጽ አድርጌ አልጽፍም» ለሚል ሰው ነው። በ1948 ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከ206.835 ይነሣል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ቃላት አማካይ በ1.015 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት ክፍለ ቃላት (ቃሉ ሲነገር የሚከፋፈልባቸው የድምፅ ክፍሎች) አማካይ ደግሞ በ84.6 ተባዝቶ ይቀነሳል። ውጤቱ ከ60 እስከ 70 ከሆነ ጽሑፉ ለተራ አንባቢ ቀላል ነው ይባላል።

በቀመሩ ተጫወቱበትና አንድ ትልቅ ነገር ታገኛላችሁ። በአማካይ 20 ቃል ያለው ዓረፍተ ነገርና 1.5 ክፍለ ቃል ያለው ቃል ብትጠቀሙ ውጤቱ ወደ 60 ይጠጋል። ዓረፍተ ነገሩን ወደ 30 ቃል ብታስረዝሙት ወደ 50 ይወርዳል። ርዝመቱን በ20 ትታችሁ ቃሎቹን ብቻ ወደ 1.8 ክፍለ ቃል ብታከብዷቸው ግን ወደ 34 ያሽቆለቁላል። በዚህ መለኪያ ከባድ ቃል ከረጅም ዓረፍተ ነገር ይልቅ ይጎዳል ማለት ነው። «ዩቲላይዝ» ከማለት «ዩዝ»፣ «ኮሜንስ» ከማለት «ስታርት»፣ «አሲስታንስ» ከማለት «ሄልፕ»። ከባድ ቃል ያዋቂ ምልክት ነው ብለን ያደግን ብዙ ነን፣ እኔም ጭምር። እንግሊዝኛን በመማሪያ መጽሐፍ ስንማር ያገኘነው የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው።

ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ የፊደል ማረሚያው ሲጨርስ ይህን ውጤትና የዓረፍተ ነገሩን አማካይ ርዝመት እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ጊዜ ካስተካከላችሁት በየጊዜው ያወጣላችኋል። ቀመሩ ሐሳባችሁ እውነት ይሁን ውሸት፣ ቅደም ተከተሉ ይያዝ ይዘበራረቅ አያውቅም። ቁጥሩን እዩና ወደ ጽሑፉ ተመለሱ።

እርምጃ 4፦ ባለቤቱንና ግሡን አቀራርቡ

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ እንድትሰጡት የምፈልገው ይህን ነው፣ ምክንያቱም 20 ቃል ብቻ ያለው ዓረፍተ ነገርም በዚህ ጥፋት ሊጨልም ይችላል።

በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ፊት ይመጣል፦ «የላካችሁትና ባለፈው ማክሰኞ ወደ ቤታችን የመጣው ሠራተኛ መሣሪያ አልያዘም ነበር።» መግለጫው ሁሉ ፊት ላይ ተደርድሮ ያልቃል፤ «ሠራተኛ» ከተባለ በኋላ ግሡ ቅርብ ነው። በእንግሊዝኛ መግለጫው ከስሙ በኋላ ይገባል፦ «ዘ ወርከር ሁም ዩ ሴንት ኤንድ ሁ ኬም ቱ አወር አፓርትመንት ላስት ቱስዴይ ዲድ ኖት ሃቭ ቱልስ።» በ«ወርከር» እና በ«ዲድ ኖት ሃቭ» መካከል 11 ቃል ተጋርጧል። አንባቢው ሠራተኛውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ምን አደረገ የሚለውን እየጠበቀ፣ አሥራ አንድ ቃል ያልፋል።

መድኃኒቱ መግለጫውን ከመሐል አውጥቶ የራሱ ግሥ ያለው ሐረግ ማድረግ ነው፦ «ዩር ወርከር ኬም ላስት ቱስዴይ፣ በት ሂ ሃድ ኖ ቱልስ።» አሁን ሁለቱም ግሦች ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

የምትለማመዱት እንዲህ ነው። የጻፋችሁትን አንድ አንቀጽ አትሙ ወይም በወረቀት ገልብጡ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን አክብቡ፣ ዋናውን ግሥ አስምሩ፣ በመካከላቸው ያሉትን ቃላት ቁጠሩ። ከሰባት ስምንት ካለፉ አንድ ነገር እዚያ መሐል አለቦታው ገብቷል። ቁጥሩ የእኔ ልማድ ነው እንጂ የማንም ደንብ አይደለም፤ በብዙ እርማት ግን አላሳፈረኝም።

ከዚህ የሚከተል አንድ የምሥራች አለ። ባለቤቱና ግሡ መጀመሪያ ላይ ተቃርበው ከተቀመጡ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ቀኝ ቢረዝምም አንባቢ አይደክምም። «አይ ብሮት ማይ ፓስፖርት፣ ማይ ሊስ፣ ቱ ፔይ ስታብስ፣ ኤንድ አ ሌተር ፍሮም ማይ ኢምፕሎየር» ብላችሁ አምስት ሰነድ ብትጨምሩበትም ይነበባል፣ ማን ምን አደረገ የሚለው በሁለተኛው ቃል ላይ አልቋልና። ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚጎዳው ፊቱ ሲረዝም ነው።

እርምጃ 5፦ የታሰረውን ግሥ ፍቱ

«ውሳኔ አሳለፈ»፣ «ጉብኝት አካሄደ»፣ «ድጋፍ አደረገ»። በዜናና በቢሮ አማርኛ የለመድናቸው ናቸው። ወሰነ፣ ጎበኘ፣ ደገፈ ማለት ሲቻል ግሡ ስም ሆኖ ይታሰርና ሌላ ባዶ ግሥ ይቀጠርለታል። በእንግሊዝኛም በሽታው ያው ነው። «ሜድ ኤን አፕሊኬሽን» ያላችሁትን «አፕላይድ» በሉት። «ኮንዳክትድ ኤን ኢንቨስቲጌሽን» «ኢንቨስቲጌትድ» ይሁን። ብዙ ጊዜ በ«ሽን» የሚጨርስ ስም ስታዩ ውስጡ ግሥ ታስሮ እንደሆነ ፈትሹ። ሲፈታ ሁለትና ሦስት ቃል ይቀንስላችኋል።

«ተብሏል»፣ «ተደርጓል» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ። «ኢት ዎዝ ሰይድ ዛት» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ተናጋሪውን ይደብቃል። ማን እንደተናገረ ካወቃችሁ ስሙን ወይም የሥራ ድርሻውን ጻፉ።

እርምጃ 6፦ ትሕትናውን አንድ ጊዜ ብቻ

«በከፍተኛ ትሕትና እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለው ሲሻገር «አይ ዉድ ላይክ ቱ ካይንድሊ ኤንድ ረስፔክትፉሊ ሪክዌስት ዩ ቱ» ይሆናል። «ኩድ ዩ ፕሊስ» ወይም «ፕሊስ» ሙሉ ጨዋነት ነው። መዝጊያው ላይ «ታንክ ዩ» ጨምሩበት፣ በቂ ነው።

እርምጃ 7፦ ከአማርኛ የሚከተሉንን መገጣጠሚያዎች አርሙ

ሦስቱ ደጋግመው ይመጣሉ።

«ምንም እንኳን ብጠራውም ግን አልመጣም» እንላለን፣ ማንም አይከፋበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይኖሩም። አንዱን ምረጡ።

ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በአማርኛ ላላ ብለው ነው የሚሠሩት፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ ቢያያዝ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እንግሊዝኛ አስተማሪና ቀጣሪ ግን ልብ ይላል። «አይ ኮልድ ዩ፣ ዩ ዲድ ኖት አንሰር» ስሕተት ነው። ወይ በነጥብ ይለያል፣ ወይ «በት» ይገባበታል።

ሦስተኛው ከአክብሮታችን የመጣ ነው። «ኃላፊው ነገሩኝ» ስንል አንቱታው ግሡ ላይ ብዙ ቁጥር ይመስላል። ይህን ይዘው «ዘ ማኔጀር» ካሉ በኋላ «ዘይ ቶልድ ሚ» የሚጽፉ አሉ። አንባቢው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ እንዴ ይላል። አንድ ኃላፊ ብዙ ጊዜ «ሂ» ወይም «ሺ» ነው፤ በእንግሊዝኛ አክብሮቱ በማዕረጉና በአነጋገሩ እንጂ በተውላጠ ስሙ አይገባም።

በተለይ ለፍርድ ቤት ወይም ለስደተኞች ጉዳይ ቃላችሁን የምትጽፉ ወገኖች እዚህ ላይ እጅግ ተጠንቀቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አድራጊ ይኑር። «ሂ» ሁለት ሰው ሊሆን የሚችል ከሆነ ስሙን ድገሙት፤ መደጋገሙ አያሳፍርም። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይራችሁ ጻፉ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ደግሞ በእነሱ 2 ሰዓት እንደሆነ አትርሱ። በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ የተምታታ ቀን ወይም የተቀያየረ አድራጊ «ታሪኩ አይገጥምም» ሊያሰኝ ይችላል፣ ሰውየው የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ።

እርምጃ 8፦ ቆራርጣችሁ አትጨርሱት

ይህን ምክር የሰሙ ሰዎች አንዳንዴ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፦ «አይ ዎዝ ሌት። ዘ በስ ዲድ ኖት ካም። አይ ኮልድ። ኖ ዋን አንሰርድ።» እያንዳንዱ ግልጽ ነው። አንድ ላይ ግን ምን ከምን እንደመጣ አይናገሩም። ያረፈዱት አውቶቡሱ ስለቀረ ነው፣ ወይስ ሁለቱ ያልተያያዙ ነገሮች ናቸው? «አይ ዎዝ ሌት ቢኮዝ ዘ በስ ዲድ ኖት ካም። አይ ኮልድ፣ በት ኖ ዋን አንሰርድ።» ሁለት ቃል ተጨመረ፣ ምክንያቱ ተመለሰ።

ቦዝ አንቀጽ በአማርኛ ክስተትን ከክስተት ጋር ያያይዝ ነበር። እሱን ስንቆርጥ ያያይዘው የነበረውን ነገር በሌላ ቃል መተካት አለብን፦ «ቢኮዝ»፣ «ሶ»፣ «በት»፣ «ዜን»፣ «ቢፎር»። በየስፌቱ «ኤንድ» ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ገና አልመረጣችሁም ማለት ነው። ከሁለት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በኋላ አንድ መካከለኛ ይግባ፣ አጭሯን ደግሞ በጣም እንድትሰማ ለምትፈልጉት ነገር አስቀሯት።

እርምጃ 9፦ በድምፅ አንብቡ

ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከመጀመሪያው ተመልሳችሁ ማንበብ ያስፈለጋችሁ ቦታም ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ስልካችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ እዘዙት፤ አብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች ይህን ያደርጋሉ። ማሽኑ ለእናንተ ሐሳብ አያዝንም፣ የጻፋችሁትን ብቻ ነው የሚያነብ። እናንተ በልባችሁ ሞልታችሁ ያለፋችሁት የጎደለ ቃል ያን ጊዜ ይሰማችኋል።

ጉዳዩ ካልተጣደፈ ደብዳቤውን አሳድሩት። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አንብባችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉና እስከ መቼ እንደምትፈልጉ ከእነሱ ብቻ ከታወቀ፣ ላኩት።